ቤት ከመሥራታችሁ በፊት ኑሯችሁን መዝግቡ፦ ለጎንደር ቤት ሠሪዎች የአሠራር መመሪያ

ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «ቤት ልሠራ ነው። ሙቀት የማይዝ፣ መብራት የማይበላ፣ ውሃ የሚቆጥብ እንዲሆን ምን ላስገባበት?» ማራኪ ያለ ሰው ይጠይቀኛል፣ አዘዞ ያለም ይጠይቀኛል። ሠርግ ቤት እንኳ ቁጭ ብዬ ተጠይቄ አውቃለሁ። ጠያቂው የሚጠብቀው የዕቃ ስም ነው። ይሄን ቆርቆሮ፣ ያንን መስታወት፣ ሶላር ምናምን። እኔ ግን መልሼ እጠይቃለሁ። እንጀራ የት ትጋግራላችሁ? ማታ መስኮት ትከፍታላችሁ? ልብስ ያጠባችሁበትን ውሃ የት ትደፋላችሁ?

ምክንያት አለኝ። ቤት ብቻውን ምንም አይቆጥብም፤ የሚቆጥበውም የሚያባክነውም የሚኖርበት ሰው ነው። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ትዊን ሪቨርስ በሚባል ሰፈር የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት ሆነው የተሠሩ ቤቶችን ፍጆታ ለክተው ነበር። የአንዱ ቤት ፍጆታ የሌላው እጥፍ የሚሆንበት አጋጣሚ ነበር። ግድግዳው አንድ፣ ጣራው አንድ፣ ኑሮው ግን ለየቅል። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚጀምረው ከሲሚንቶ ሳይሆን ከደብተር ነው። የተጻፈው ባለ አንድ ወለል መኖሪያ ቤት ለሚሠራ ወይም ያለውን ለሚያድስ ሰው ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

- ደብተርና እስክርቢቶ
- 5 ሜትር የሚዘረጋ ሜትር
- 1 ሜትር ቁመት ያለው ቀጥ ያለ ዱላ
- ዕጣን፣ ፍምና ማጨሻ
- ኮምፓስ (ስልካችሁ ላይ ያለው ይበቃል)
- 20 ያህል ካስማ፣ ሲባጎ እና አንድ ማዳበሪያ አመድ ወይም ኖራ
- ባለ 20 ሊትር ጀሪካን
- ከተገኘ የግድግዳ ቴርሞሜትር

ጊዜው ከ10 ቀን አይበልጥም። ምዝገባውና ልኬቱ ንድፍ ከመሠራቱ በፊት ማለቅ አለበት። መሠረት ከወጣ በኋላ ማድ ቤት ማዞር ማለት ማፍረስ ማለት ነው።

1. ለ7 ቀን መዝግቡ

አሁን ባላችሁበት ቤት ጀምሩ። ኪራይ ቢሆንም ችግር የለውም። ልማዳችሁ አብሯችሁ ነው የሚሄደው።

በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓት እና ማታ 3 ሰዓት ላይ ደብተሩን አውጡ። ማን የት እንዳለ፣ የትኛው አምፖል እንደበራ፣ የትኛው መስኮት እንደተከፈተ፣ ምን እሳት ወይም ምድጃ እንደሚነድ ጻፉ። ማታ ላይ የቀኑን ውሃ በጀሪካን ቆጥራችሁ ጨምሩ። አንድ መስመር ይበቃል፦

«ማክሰኞ፣ ማታ 3 ሰዓት። ሳሎን 1 ሰው፣ ቲቪ። ማድ ቤት 4 ሰው፣ እሳት ዳር። ሳሎን 2 አምፖል በርቷል። መስኮት ሁሉም ዝግ። ውሃ 5 ጀሪካን።»

እዚህች መስመር ላይ ትንሽ ቆም በሉ። ይህ ቤተሰብ 30 ካሬ ሜትር ሳሎንና 4 ካሬ ሜትር ማድ ቤት ሊያሠራ ነበር። አራት ሰው ግን ማታ ማታ የሚቀመጠው እሳት ዳር ነው። ይበርዳላ! ከኅዳር እስከ ጥር ጎንደር ማታ ቀልድ አይደለም። በንድፉ ቢሠራ ኖሮ ሳሎኑ ባዶውን መብራት ይበላል፣ ቤተሰቡ ደግሞ ጭስ ውስጥ ይጨናነቃል።

በሳምንቱ ውስጥ እንጀራ የተጋገረበት፣ ልብስ የታጠበበትና እንግዳ የመጣበት ቀን መኖር አለበት። ከሌለ ጥቂት ቀን ጨምሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሰውን አትጠይቁ፣ ዕቃውን እዩ። «መስኮት ትከፍታላችሁ?» ካላችሁ ሁሉም «አዎ» ነው የሚላችሁ። ውሸታም ሆኖ አይደለም፤ የሚከፍት ይመስለዋል። እናንተ የመስኮቱን መቀርቀሪያ በጣታችሁ ዳስሱ። አቧራ ከጠጣ፣ ጥጉ ላይ የሸረሪት ድር ካደራበት፣ ያ መስኮት ከተዘጋ ቆይቷል። የት ቦታ ላይ ግድግዳው በእጅ እንደቆሸሸ፣ የት ወለሉ በእግር እንደተላገ እዩ። ሰው በየት እንደሚመላለስ ከዚህ በላይ የሚነግራችሁ የለም።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ በሳምንቱ ውስጥ ማንንም አትቆጡ። «ለምን መብራት አላጠፋህም?» ካላችሁ ልጁ ለሰባት ቀን ያጠፋል፣ እናንተም የሌለ ቤተሰብ ትመዘግባላችሁ።

2. የማይለወጠውንና የሚለወጠውን ለዩ

ደብተሩን ይዛችሁ ሁለት ዝርዝር አውጡ። አንደኛው በምንም የማይለወጥ ነው። እንጀራ ይጋገራል፣ ቡና ይፈላል፣ ማታ ብርድ ስለሚገባ ይዘጋል፣ ለጥምቀት ከሩቅ ዘመድ ይመጣል። ሁለተኛው ቦታው ከተመቸ የሚለወጥ ነው። መብራት ማጥፋት፣ የእጣቢ ውሃ ለአትክልት ማዋል፣ ቀን ቀን መጋረጃ መግለጥ እዚህ ይገባሉ።

ለመጀመሪያው ዝርዝር ቤቱ ይታዘዝ። ለሁለተኛው ደግሞ ትክክለኛውን ነገር ለማድረግ የሚያስፈልገውን ድካም ቀንሱ። አንድ ነገር ለማድረግ ሰው ከመቀመጫው ተነስቶ፣ በር ከፍቶ፣ ግቢ ማቋረጥ ካለበት በሦስተኛው ቀን ይተወዋል። የሚቀጥሉት እርምጃዎች በሙሉ ከእነዚህ ሁለት ዝርዝሮች ነው የሚወጡት።

3. ፀሐይዋንና ነፋሱን ቦታው ላይ ለኩ

ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ትርጉሙ ይህ ነው፦ በብርዱ ወራት የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ዘንበል ትላለች። በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ አናት ላይ ትሆናለች። በመካከሉ ባሉት ወራት ደግሞ ትንሽ ወደ ሰሜን ታልፋለች።

ዱላውን ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። የእኛ ቀትር በሰዓት ሲታይ 6 ሰዓት ላይ አይደለም፣ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ታኅሣሥ 12 አካባቢ ከለካችሁ የ1 ሜትር ዱላ ጥላ 73 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ሰሜን ይተኛል። ጥላው የሚያሳያችሁ የግቢያችሁን ትክክለኛ ሰሜንና ደቡብ ነው። ስልክ ብረት አጠገብ ሲሆን ይሳሳታል፣ ጥላ አይሳሳትም።

ቀን ሰው የሚውልበትን ክፍል፣ አረጋውያን የሚቀመጡበትን በተለይ፣ መስኮቱን ወደ ደቡብ አድርጉ። ከጣራው ክፈፍ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ካወጣችሁ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት የቀትር ፀሐይ መስታወቱን አትነካም፣ በታኅሣሥ ግን በመስኮቱ ግማሽ ያህል በኩል ትገባለች። ያለ ከሰል የሚሞቅ ክፍል አገኛችሁ ማለት ነው። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ግን ክፈፉን ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ አድርጉት። የሐምሌ ዝናብ ነፋስ ይዞት ግድግዳውን ሲገርፈው ልስኑ አይችለውም።

ምዕራቡን ተጠንቀቁ። ከሰዓት በኋላ ያለችው ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትገባ ክፈፍ አይከልላትም። መኝታ በምዕራብ ከሆነ ክፍሉ ሙቀቱን እንደያዘ ነው ልትተኙ የምትገቡት። እዚያ በኩል ዕቃ ቤትና መታጠቢያ አድርጉ።

ለነፋሱ ዕጣን አጭሱ። ማጨሻውን ባዶው ቦታ መሐል አስቀምጡና ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ደብተሩ ላይ በቀስት ሳሉ። ቢያንስ ሦስት ቀን ይሁን። ጎንደር ኮረብታና ሸለቆ ስለሆነች የእናንተ ግቢ ነፋስ ከጎረቤት ቀበሌ ጋር አንድ አይሆንም። ማድ ቤታችሁ ጭሱ ወደሚሄድበት ጫፍ ነው የሚሆነው።

4. ማድ ቤቱን መጀመሪያ ንደፉ

አብዛኛው ሰው ማድ ቤትን በስተመጨረሻ፣ በተረፈ ብሎኬትና በተረፈ ብር ነው የሚሠራው። ብዙ ኃይል የሚነደው፣ ብዙ ውሃ የሚፈሰውና ብዙ ሰዓት የሚዋለው ግን እዚያ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ቀድሞ ይግባ።

የምጣዱን ዙሪያ ለኩ። ምጣዱ ብቻውን 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከእሱ ጎን ሰፌድ የሚያርፍበት፣ ቡሃቃ የሚቀመጥበት፣ አክንባሎው ሲነሳ የሚሄድበት ቦታ አለ። ጋጋሪዋ በአንድ እጇ አክንባሎ፣ በሌላው ሰፌድ ይዛ ስትዞር ክርኗ ግድግዳ መምታት የለበትም። ጠባብ ከሆነ ምጣዱን አውጥታ በረንዳ ላይ ትጋግራለች፤ ያንን ሁሉ ወጪ ያወጣችሁበት የጭስ መውጫ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

ለሁለት ዓይነት እሳት ተዘጋጁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ስለገዛችሁ ማገዶ ይቀራል ብላችሁ አትቁጠሩ። መብራት በሄደ ቀን ሊጥ አይጠብቅም። የማገዶ ምድጃው ቦታ ከሌለው ያን ቀን ሦስት ጉልቻ ሳሎን ደጃፍ ላይ ይተከላል። ምርጥ ምድጃን የመሰለ ዙሪያው የተዘጋ የማገዶ ምድጃ ከጭስ መውጫ ጋር በአንድ ጥግ፣ የኤሌክትሪኩን በሌላ ጥግ አድርጉ።

ጭሱ የሚወጣው ንጹሕ አየር ሲገባ ብቻ ነው። ይህን የሚዘነጋ ብዙ ነው። ቱቦ ብቻ አቁሞ «ጭሱ ተመለሰብኝ» ይላል። ከታች፣ ከወለሉ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በአንድ በኩል ማስገቢያ ክፍት ተዉ። በተቃራኒው በኩል ከጣራው ሥር ማስወጫ ተዉ። ቱቦው ከጣራው ጫፍ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይለፍ፤ አጭር ከሆነ ነፋሱ ጭሱን መልሶ ያስገባዋል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል። በ220 ቮልት ስታካፍሉት 16 አምፔር ገደማ ነው። ለሶኬት የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ለሁለት ሰዓት ሲነድ ሽቦው ይግላል። ስለዚህ ለምጣዱ ብቻ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው፤ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ጠይቁ። ሥራውን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። ማስረዘሚያ ገመድ ላይ ምጣድ በፍጹም አትሰኩ።

ለምን ማድ ቤቱን ከመኖሪያው አታርቁም? ከሩቅ ከሆነ ሰው በብርድ ማታ እዚያ መሄድ ይሰለቸዋል፣ ከሰሉን ይዞ ወደ ሳሎን ይገባል። ይህ ወደሚቀጥለው ያመጣናል። ከሁሉም በላይ በጥንቃቄ አንብቡት።

5. የማይዘጋ የአየር ቀዳዳ ተዉ

ቡና ሳሎን ውስጥ ይፈላል። ከሰሉ ይያያዛል፣ ሦስተኛው ሲጠጣ መሽቷል፣ በሩ ተዘግቷል። አንዳንዱ ቤት ፍሙን ለሙቀት ብሎ መኝታ ቤት ያስገባዋል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም። ጭሱ አልቆ ፍሙ ቀይ ሲሆን ሰው አደጋው ያለፈ ይመስለዋል፤ ጋዙ ግን ያኔም ይወጣል። የተኛ ሰው አይነቃም። ፍም ያለበት ክፍል ውስጥ በፍጹም አትተኙ። ሕፃን ያለበት ክፍል ውስጥ ፍም አታስገቡ።

«መስኮት ክፈቱ» ብሎ መምከር ግን ብቻውን አይሠራም። ብርድ ነው፣ ምች ይመታል ይባላል፣ ሌባም ያሰጋል። ስለዚህ ቀዳዳው የሰው ፈቃድ የማይጠይቅ ይሁን። በየክፍሉ ከኮርኒሱ ሥር፣ በሁለት ተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ አንዳንድ ብሎኬት የሚያህል፣ 20 በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ክፍት ተዉ። ከውጭ ወንፊት ሽቦ ይምታው፣ ከላይ ዝናብ እንዳይገባ ትንሽ ክዳን ይኑረው። በሩቅ ተቀምጣችሁ ብታዩት ኢምንት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ግን ይሠራል።

ቦታው ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። እኔ በመጀመሪያው ቤቴ ቀዳዳውን ከእናቴ አልጋ ራስጌ በላይ አደረግሁት። በሳምንቱ ገብቼ ቀና ስል በአሮጌ ነጠላ ተወትፏል። ነፋሱ አናታቸው ላይ ነበር የሚወርደው፤ ምን ያድርጉ! ዘግተው ባይተኙ ነበር የሚገርመው። ከዚያ በኋላ የምሠራው እንዲህ ነው፦ ቀዳዳው ከአልጋው ርቆ፣ እጅ በማይደርስበት ከፍታ፣ አየሩ መጀመሪያ ጣራውን ታክኮ እንዲሄድ ውስጡ ላይ ወደ ላይ ያዘነበለ ጣውላ ይደረግለታል። ብርዱ ሰውን ካልነካው ማንም አይወትፈውም።

6. መስኮቱን ለሚከፍተው ሰው ሥሩት

ደብተራችሁን ተመልከቱ። መንገድ ዳር ያለው መስኮት ስንት ቀን ተከፈተ? ብዙውን ጊዜ ዜሮ ነው። አቧራ አለ፣ የአላፊ አግዳሚ ዓይን አለ። ስለዚህ ትልቁ መስታወት በወፍራም መጋረጃ ይሸፈናል፣ ቀን በጠራራ ፀሐይ አምፖል ይበራል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ትልቁን መስኮት ወደ ውስጥ ግቢ አዙሩት። ወደ መንገዱ ከወለሉ 1.80 ሜትር ከፍ ብሎ የሚጀምር ረጅምና ቀጭን መስኮት አድርጉ። ብርሃን ይገባል፣ አየር ይወጣል፣ ማንም አያይም፣ መጋረጃ አያስፈልግም። ከፍ ያለውን መስኮት በገመድ ወይም በረጅም እጀታ መክፈት የሚቻል ይሁን። ወንበር ላይ ተወጥቶ የሚከፈት መስኮት አይከፈትም።

ማብሪያ ማጥፊያን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ሰው ከክፍሉ ሲወጣ እጁ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አድርጉት፣ የበሩ መክፈቻ በኩል። ለእያንዳንዱ አምፖል የራሱ ይኑረው። አንድ ማብሪያ አራት አምፖል ካበራ አራቱም ናቸው የሚነዱት።

7. ውሃውን ከገባበት እስከሚደፋበት ተከተሉት

የመዘገባችሁትን ጀሪካን ደምሩ። ለምሳሌ በቀን 6 ጀሪካን ካላችሁ 120 ሊትር ነው። ውሃ በፈረቃ በ5 ቀን አንዴ የሚመጣ ከሆነ 600 ሊትር ማጠራቀም አለባችሁ። ፈረቃው ሲዘገይ እንዳትቸገሩ 1,000 ሊትር ሮቶ ያዙ። የጎረቤትን ሮቶ ዓይቶ መግዛት አይበጅም፤ የእነሱ ቤት ሰው ቁጥር ሌላ፣ ልማዱም ሌላ ነው።

1,000 ሊትር ውሃ 10 ኩንታል ይመዝናል። ስለዚህ ማቆሚያው ተሰልቶ ይሠራ። ባሕር ዛፍ ላይ ወይም ያልተሰላ ጣራ ላይ እንዳትሰቅሉት።

አሸንዳ ከጣራው ጋር አብሮ ይሠራ። ሒሳቡን በጣት መቁጠር ይቻላል፦ 60 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 60 ሊትር ነው። ከሚረጨውና ከሚተነው በኋላ 48 ሊትር ያህል ብትይዙ እንኳ 20 ሚሊ ሜትር የጣለበት አንድ የሐምሌ ከሰዓት ሮቶውን ሊሞላ ምንም አይቀረው። የመጀመሪያው ውሃ የጣራውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ እሱን ወደ ውጭ የሚያሳልፍ ቱቦ ይኑር። ይህ ውሃ ለልብስ፣ ለወለልና ለሽንት ቤት ነው። ለመጠጥ ካልታከመ አትጠቀሙበት።

አሁን የሚደፋውን ውሃ እዩ። ልብስ አጣቢው ሳፋውን አንስቶ ውሃውን ደፋ። የት? ብዙ ቤት ግድግዳው ሥር ነው፤ ቅርብ ስለሆነ። ግቢያችሁ ዋልካ አፈር ከሆነ ይህ ቤቱን ይሰነጥቃል። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፣ መሠረቱም አብሮ ይነሳል ይወርዳል። ማጠቢያውን ከግድግዳው 3 ሜትር ያህል አርቁት። ሊሾ ያለው፣ ወደ አትክልት የሚያዘነብል ይሁን። የማጠቢያው ቧንቧ እዚያው ይሁን። ሰው ውሃ የሚደፋው ቆሞ ባለበት ቦታ ስለሆነ ቆሞ የሚሠራበትን ቦታ ካዛወራችሁ ውሃውም አብሮ ይዛወራል።

ከዚሁ ጎን ክዳን ያለው፣ ዙሪያው ክፍት የሆነ የልብስ ማስጫ አድርጉ። ክረምት ላይ ልብስ ቤት ውስጥ ሲሰጣ እርጥበቱ ግድግዳ ላይ ሻጋታ ያመጣል።

8. ቤቱን በአመድ መሬት ላይ ሥሩት

ከዚህ እርምጃ ሌላ ምንም ባታደርጉ እንኳ ይህን አድርጉ። ንድፉ በወረቀት ካለቀ በኋላ ቦታው ላይ ካስማ ትከሉ፣ ሲባጎ ዘርጉ፣ መስመሩን በአመድ አስምሩ። ልኩ እውነተኛው ልክ ይሁን። በሩን ክፍት ተዉ። አልጋውን፣ ምጣዱን፣ መሶቡን በመስመር ሳሉ። ከዚያ ቤተሰቡ ገብቶ «ይኑር»። አንድ ጠዋት፣ አንድ የእንጀራ ቀን፣ አንድ የእንግዳ ቀን አስመስሉ።

አንድ ቦታ ላይ ልጁ ማድ ቤቱን 2 በ2 ሜትር አስነድፎ ነበር። እናትየውን በርጩማ፣ ሰፌድና ቡሃቃ ይዘው እንዲመጡ ለመንኳቸው። እትዬ ነጠላቸውን አደግድገው የአመድ መስመሩ ውስጥ ቁጭ አሉ። ምጣዱ እዚህ ነው አልናቸው። እጃቸውን ዘርግተው አሰሱ፣ ቀዱ፣ ከደኑ። ሰፌዱን ሊያነሱ ወደ ኋላ ሲዞሩ በርጩማቸው መስመሩን አልፎ ውጭ ወጣ። «እዚህ ጋ ግድግዳ ነው እትዬ» አልኳቸው። ወደ ኋላቸው አዩ። «ታዲያ እኔን የት ልታደርጉኝ ነው?» አሉ። መስመሩን በ80 ሳንቲ ሜትር ገፋነው። ሁለት አካፋ አመድ ነው የፈጀው።

ልብ የምትሉት፦ ማን ከማን ጋር ይጋጫል? ከማድ ቤት እስከ ማዕድ ስንት እርምጃ ነው? ሌሊት ሽንት ቤት የሚሄድ ልጅ በየት ያልፋል? የቡናው ረከቦት ሲዘረጋ ሰው በየት ይዞራል? የተቸገራችሁበትን እዚያው አስተካክሉና ወረቀቱን ለንድፍ ሠሪው መልሱለት። የግንባታ ፈቃድ የምታስገቡት ከዚህ በኋላ ነው።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- *ለአንድ ቀን የተሠራ ሳሎን።* ለጥምቀት 20 ሰው ይመጣል ተብሎ ዓመቱን ሙሉ የሚጠረግና መብራት የሚበላ አዳራሽ ይሠራል። ወደ በረንዳው ሰፊ ባለ ሁለት ተካፋች በር ያለው መጠነኛ ሳሎን ያንኑ እንግዳ ያስተናግዳል።
- *ከስልክ የተቀዳ የመስታወት ፊት።* ብርድ አገር ፀሐይን ለመያዝ የተሠራውን እዚህ በምዕራብ በኩል ያደርጉታል። ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ አያስቀምጥም።
- *ኮርኒስ የሌለው ወይም የታፈነ ኮርኒስ።* ቆርቆሮ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ኮርኒስ ይኑር፤ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው አየር በሁለቱ ጫፍ በወንፊት ሽቦ በኩል ይውጣ። ወንፊቱ ከሌለ አይጥና ወፍ ይገባል።
- *ተከራዩን መርሳት።* ሰርቪስ ቤቱን ልታከራዩ ካሰባችሁ የተከራይን ልማድም አስቡ። ተማሪ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዞ ይመጣል። ለብቻው ቆጣሪና ለብቻው መስመር ካልተደረገ ብሬከሩ ይወድቃል፣ በሒሳቡም ትጣላላችሁ።
- *ቤቱን አስረክቦ መሄድ።* የአየር ቀዳዳው ለምን እንደተተወ፣ የአሸንዳው የመጀመሪያ ውሃ ለምን እንደሚደፋ ለቤተሰቡ ካልተነገረ ቀዳዳው ይለሰናል፣ ቱቦው ይቆረጣል። አንድ ገጽ ጽፋችሁ ማድ ቤት በር ላይ ለጥፉ።

9. ከገባችሁ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሳችሁ ለኩ

አንዴ በነሐሴ፣ አንዴ በመጋቢት። ሦስት ሦስት ቀን ይበቃል። ደብተሩ ያው፣ ሰዓቱ ያው። ቴርሞሜትር ካላችሁ ማታ ልትተኙ ስትሉ የመኝታ ቤቱን ሙቀት ጻፉ። የመብራት ካርድ በወር ስንቴ እንደምትሞሉ አስተያዩ። የተወተፈ ቀዳዳ፣ የታሰረ መጋረጃ፣ ሰው በራሱ ፈቃድ ያዛወረው ምድጃ ካያችሁ ሰውየውን ሳይሆን ቦታውን አስተካክሉ።

ቤቱ ተሠርቶ ካለቀስ?

ይህንንም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ደብተሩን አሁንም ያዙ፣ 7 ቀን መዝግቡ። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። መጀመሪያ ከሰል የሚነድበት ክፍል ላይ ከኮርኒሱ ሥር ሁለት ቀዳዳ አስፈልፍሉ፤ የአንድ ቀን የግንበኛ ሥራ ነው፣ ብሎኬቱ ሲፈለፈል ቢም ወይም ኮለን እንዳይነካ ብቻ ተቆጣጠሩ። ቀጥሎ ለምጣዱ የራሱን መስመር አስዘርጉ። ከዚያ ማጠቢያውን ከግድግዳው አርቁ። አሸንዳውን እስከ ግንቦት አድርሱት፤ ሰኔ ላይ አናጢ ፈልጋችሁ አታገኙም።